ቤት ውስጥ ቱባ ለማጠንጠን የሚሆን ክር ማዞሪያ አመራረጥ

ቱባ ክር ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ሁለት ጥንድ እጅ ያስፈልገዋል። አንዱ ቱባውን ዘርግቶ ይይዛል፣ ሌላው ጫፉን ስቦ ያጠነጥናል። ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ቡናው እስኪፈላ "ነይማ፣ እጅሽን ዘርጊልኝ" ያልተባለች ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጅቱ ትምህርት ቤት ከሄደች የወንበር መደገፊያ ይተካታል። ወንበር ግን አይዞርም። ክሩን በየዙሩ በእጅ እያነሱ ማውጣት ነው እንግዲህ።

ክር ማዞሪያ ከዚህ ይገላግላል። ቱባውን ወጥሮ ይይዛል፤ ጫፉን ስንስብ ራሱ እየዞረ ክሩን ይለቃል። ከጎኑ ባለ እጀታ ማጠንጠኛ ካለ ክሩ ጥቅል ሆኖ ይወጣል። ሸማኔ ቤት ከሆነ ማግ በሚጠቀለልበት ቀሰም ላይ ይገባል። ምንም ባይኖር በእጅ መጠቅለል ይቻላል፤ ዋናው ድካም ቱባውን መያዙ ስለነበር።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ወሎ ውስጥ ላለ ለአብዛኛው ቤት፣ ከውጭ ከሚመጣው ባለ ጃንጥላ ማዞሪያ ይልቅ የሰፈር አናጢ የሚሠራው ባለ መስቀሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለ ጃንጥላው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቆንጆ ዕቃ ነው። ግን ከቤታችን፣ ከአቀማመጣችንና ከክራችን ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ዓይነቶቹን ወደ ታች አስረዳለሁ፤ ለማንኛውም ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ።

መጀመሪያ፦ ቱባችሁን ለኩ

ቱባው ተጠምዝዞ የመጣ ከሆነ ጥምዝዙን ፍቱት። መሃል መሃሉን የያዙትን እስሮች ግን አትንኩ። ከዚያ ሁለት እጃችሁን አስገብታችሁ ወጥሩት። አትጎትቱ፣ ቀጥ እስኪል ብቻ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ለኩና በሁለት አባዙት። 75 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ዙሪያው 150 ነው።

ለምን ይጠቅማል? ማዞሪያ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ከውጭ የሚመጣ የሹራብ ክር ቱባ ብዙ ጊዜ ከ137 እስከ 183 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ አለው። የፋብሪካ ጥጥ ክር በቱባ ሲመጣ፣ በድሮው የጥጥ መለኪያ የተሠራ ከሆነ፣ ዙሪያው 54 ኢንች ነው፤ ይህም 137 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሙሉው ቱባ 560 ዙር፣ 768 ሜትር ነው። የክሩ ቁጥር የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ቁጥር 20 ማለት ከእነዚህ ቱባዎች 20ው አንድ ላይ 454 ግራም ይመዝናሉ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል። እንግዲህ አስቡት፣ ቀጭን ድር ላይ 560 ጊዜ የሚዞር ዕቃ ነው የምትገዙት። በየዙሩ ትንሽ ቢይዝ ትንሽ አይሆንም።

ቤት ውስጥ በእጅና በክርን መሃል የተጠመጠመ ፈትል ግን ሌላ ነው። ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ደግሞ አንዷ ክንዷ ረጅም ነው፣ የሌላዋ አጭር። ባቲ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ ከሁለት ሴት ፈትል ብትገዙ ዙሪያቸው ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ያሏችሁን ቱባዎች ሁሉ ለኩና ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ማዞሪያው ሁለቱንም መያዝ አለበት።

አንድ ነገር በመሃል። ክራችሁ በኮን ተጠምጥሞ ወይም በጥቅል የሚመጣ ከሆነ ማዞሪያ አያስፈልጋችሁም። ገንዘባችሁን ያዙ። ኮን ከወለል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክሩን ወደ ላይ ይለቃል፣ አለቀ።

ቀጥሎ፦ ክሩ ምን ዓይነት ነው?

ለጋቢ ማግ የሚፈተለው ወፈር ያለ፣ ላላ ብሎ የተከረረ ፈትል ነው። ይህ ክር ጉተታ አይወድም። ትንሽ ስትስቡት ሳይበጠስ ይለያያል፣ ጥጡ እየሳሳ ሄዶ ይለቃል። ስለዚህ ለፈትል የሚሆን ማዞሪያ በአንድ ጣት ገፋ ሲደረግ የሚዞር፣ ቀለል ያለ መሆን አለበት። ከባድ ማዞሪያ ለመነሳት ጉልበት ይፈልጋል፤ ያንን ጉልበት የሚከፍለው ክሩ ነው። ከተነሳ በኋላ ደግሞ አይቆምም። እናንተ እጃችሁን ስታቆሙ እሱ መዞሩን ይቀጥላል፣ ክሩም ይረግፍና ይወሳሰባል።

ድር ቀጭን ቢሆንም በደንብ የከረረ ስለሆነ ከማግ ይልቅ ጉተታ ይችላል። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ችግሩ ሌላ ነው። ያንሸራትታል። ማዞሪያው ላይ ቱባውን ወጥሮ የሚይዘው የቆመ እንጨት፣ ችንካሩ፣ አጭር ከሆነ ክሩ ወደ ላይ እየወጣ ይወርዳል። ለእሱ ረዘም ያለ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ ችንካር ይሻላል።

ከደጋው የሚመጣ የበግ ጠጉር ፈትል፣ ዝተት የሚሠራበት ዓይነት፣ ጸጉራም ነው። ዙሩ ከዙሩ ጋር ይያያዛል። እሱን ለማጠንጠን ቱባውን ሰፋ አድርጎ የሚዘረጋ ማዞሪያ ያስፈልጋል። ቅባትም አለው፤ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ከእሱ ቀጥሎ ነጭ ጥጥ የምታጠነጥኑ ከሆነ ችንካሮቹን መጥረግ አትርሱ።

ለልጆች ሹራብ የሚሆነው የአክሪሊክ ክር ምንም አያስቸግርም። ማንኛውም ማዞሪያ ይበቃዋል።

የት ትቀመጣላችሁ?

ይህን ጥያቄ ሰው ይዘለዋል። ከውጭ የሚመጡት ማዞሪያዎች አብዛኞቹ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በሞርሳ እንዲጠብቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጠረጴዛችሁ ወፍራም ጠርዝ ካለው፣ ወይም ከጠርዙ ሥር ሳንቃ ካለው፣ ሞርሳው አይገባም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ውፍረት ለኩ፤ ሞርሳው ምን ያህል እንደሚከፈትም ጠይቁ። ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ከሆነ ሞርሳው ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ ወይም የሳይክል ካላማዳሪ ቁራጭ ማድረግ ይቻላል።

ወለል ላይ፣ ምንጣፍ ዘርግታችሁ ወይም መደብ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ጠረጴዛም ሞርሳም የለም። ያኔ በራሱ እግር የሚቆም ማዞሪያ ያስፈልጋል። በርጩማ ላይ ሞርሳ ማጥበቅ አይሆንም። በርጩማ ቀላል ስለሆነ ክሩን ስትስቡ አብሮ ይመጣል፤ በላዩ ሰው ካልተቀመጠ በቀር።

ቦታውንም አስቡት። 180 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ቱባ ሲወጠር ማዞሪያው ከዳር እስከ ዳር 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ያውም እየዞረ። ረከቦቱና ጀበናው ካለበት አጠገብ አታስቀምጡት። ስኒዎቹ ይሄዳሉ።

ሦስቱ ዓይነቶች

ባለ ጃንጥላው ስሙ እንደሚለው ነው። ቀጫጭን እንጨቶቹ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቱባውን ታጠልቁና ወደ ላይ እየገፋችሁ እስኪወጠር ትከፍቱታላችሁ፣ ከዚያ በዘንጉ ላይ ያለውን ብሎን ታጠብቃላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዙሪያው 120 ይሁን 134 ልኩን ያገኛል። ሲዘጋ ቀጭን ሆኖ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዓረብ አገር ያለች እህት ስትመለስ ልታመጣው ትችላለች። አብዛኞቹ 180 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ቱባ ይይዛሉ። ጉዳቱ መገጣጠሚያው ነው። እንጨቶቹ በክር ወይም በትንንሽ ሽቦ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ከተበጠሰ ጃንጥላው ይጣመማል፣ ሲዞርም ይንገጫገጫል። የፕላስቲኩ ደግሞ ክንዱ ይለመጣል፤ ቱባው ሲወጠር ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ከዚያ ክሩ ይላላል። የእንጨቱን ካላገኛችሁ የፕላስቲኩን ባትገዙ እመርጣለሁ።

ባለ መስቀሉ ሁለት ክንድ ተሻግረው፣ በአራቱም ጫፍ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ችንካር የሚተከልበት ነው። በራሱ እግር ይቆማል። መሃሉ ላይ አንድ ብሎን ነው ያለው፤ የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ችንካር ቢሰበር ሌላ ይጠረባል። ጉዳቱ፣ ልኩን በቀዳዳ ብቻ ስለሚቀይር ቱባው በሁለት ቀዳዳ መሃል ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ መላ አለው፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ባለ ሁለት ከበሮው ቁመት ያለው ምሰሶ ላይ ሁለት የሚዞሩ ከበሮዎች አሉት፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ቱባው በሁለቱ መሃል ይወጠራል። ለቀጭን ክር እጅግ ለስላሳ ነው። ሸማኔ ከሆናችሁና ቀሰም በብዛት የምታጠነጥኑ ከሆነ ይህን ተመልከቱ። ለአንድ ሁለት ሹራብ ግን ቦታ መያዝ ነው ትርፉ።

ሱቅ ውስጥ ስትፈትሹት

ቱባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

በመጀመሪያ ባዶውን በአንድ ጣት ግፉት። በቀስታ መዞር፣ በቀስታም መቆም አለበት። "ጭር ጭር" የሚል ድምፅ ካለው አንድ ቦታ ይታከካል ማለት ነው። ከዚያ ዓይናችሁን በክንዱ ጫፍ ትክክል አድርጋችሁ እያዞራችሁ ተመልከቱ። ጫፎቹ በአንድ ከፍታ ያልፋሉ ወይስ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል? ትንሽ መወዛወዝ አይጎዳም። ብዙ ከሆነ ግን ክሩ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል።

ቀጥሎ ቁራጭ ባዘቶ ወይም አሮጌ የናይለን ካልሲ ይዛችሁ እያንዳንዱን ክንድና ችንካር ጥረጉ። ስንጥር ካለ ይይዘዋል። በዓይን አይታይም፣ በእጅም አንዳንዴ አይሰማም፣ ክሩ ግን ያገኘዋል። ስንጥር ያለበት ዕቃ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ብቻ ዋጋ ስትከራከሩ ይጠቅማችኋል።

ባለ ጃንጥላ ከሆነ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉት። ከፍታችሁ ብሎኑን አጥብቁና ከላይ በእጃችሁ በቀስታ ጫን በሉት። ከወረደ ቱባውንም አይዝም። ባለ መስቀል ከሆነ ችንካሩን አውጡና አስገቡ። ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት፣ ግን በመዶሻ መሆን የለበትም። ሁሉም ችንካር በሁሉም ቀዳዳ መግባቱንም እዩ።

በመጨረሻ ቱባችሁን ጫኑና አዙሩት። ባዶ ሲዞር ጥሩ የነበረ፣ ሲጫን የሚያቃስት ብዙ ነው።

አናጢ ጋር ስታሠሩ

እኔ የምመክረው ይህን ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ትንሽ እንጨት፣ አንድ ብሎንና አንድ ኩሽኔታ ነው።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሥራት ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ጥድ ቀዳዳ ሲበሳ በቀላሉ ይተረተራል። ለችንካሮቹ ወይራ ካገኛችሁ እሰየው፤ ጠንካራ ነው፣ ሲለሰልስም ክር አይዝም። ክንዱን ግን ከወይራ አታሠሩ። ከባድ ይሆናል፣ ከላይ እንዳልነው ከባድ ማዞሪያ ፈትል ይበጥሳል።

ልኩ እንዲህ ነው። ሁለት ክንድ፣ እያንዳንዳቸው 76 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። መሃላቸው ላይ ግማሽ በግማሽ ተቆርጠው አንዱ በአንዱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ከላይ እኩል እንዲሆኑ። በኮላ ይያዝ። እግሩ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች መስቀል ሆነው ይሠሩ። እግሩ ቢከብድ ይመረጣል።

አሁን የቀዳዳው ነገር። አራቱ ችንካሮች ላይ ቱባው ሲወጠር አራት ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ የቱባውን ዙሪያ ለ5.66 ስታካፍሉት ከመሃሉ እስከ ችንካሩ ያለውን ርቀት ታገኛላችሁ። አስልቼ ልስጣችሁ። ለ90 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ 16፣ ለ100 ወደ 17 ተኩል፣ ለ120 21፣ ለ137 24፣ ለ150 26 ተኩል፣ ለ180 32፣ ለ200 ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ችንካሩ ራሱ ውፍረት ስላለው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ቀዳዳው ከዚህ ልክ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይበሳ። አናጢው መለኪያውን ከክንዱ ጫፍ ሳይሆን ከመሃል እንዲጀምር አስታውሱት። ከጫፍ ከለካ ክንዶቹ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ቀዳዳዎቹም ይለያያሉ።

ቅድም ቃል የገባሁት መላ ይኸውላችሁ። ችንካሮቹን ሁሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ብታወጡ ዙሪያው በ5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ብቻ ብታወጡ ግን ጭማሪው ግማሽ ነው። ስለዚህ ቱባው በአንዱ ቀዳዳ ላልቶ በሚቀጥለው ካልገባ፣ ሁለት ተቃራኒ ችንካሮችን ብቻ ወደ ውጭ አንሱ። አራት ማዕዘኑ ትንሽ ይዘማል፣ ክሩ ግን ይወጠራል። ሥራውን ይሠራል።

ችንካሮቹ ከክንዱ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑራቸው። ከዚያ ካጠሩ፣ ወፍራም ቱባ ሲጫን ክሩ ከላይ ይዘላል። ጫፋቸው ክብ ይሁን፣ ሹል አይሁን፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ወደ መሃሉ እንምጣ። ማዞሪያው ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። አናጢዎች ምስማር መምታት ይወዳሉ።

"ጋሼ፣ መሃሉን በምስማር እንዳይመቱት፣ በብሎን ያድርጉልኝ።"

"ምነው የኔ ልጅ፣ ምስማር ምን አጠፋ?"

ያጠፋውማ፣ ምስማሩ እንጨቱን እየፋቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዞሪያው መወዛወዝ ይጀምራል። ይልቅ ከመለዋወጫ ሱቅ ቁጥሩ 608 የሆነ ትንሽ ኩሽኔታ ግዙ። የውስጡ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው ስፋት 22 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በልጆች ስኬቲንግ ጫማ ጎማ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አናጢው በክንዶቹ መሃል 22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓን ይብሳና ኩሽኔታውን ጠበቅ አድርጎ ያስገባው። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከእግሩ ሥር ወደ ላይ ይውጣ። በእግሩና በኩሽኔታው መሃል አንድ ትንሽ ሮንዴላ ይግባ፣ እንጨት ከእንጨት እንዳይታከክ። ሮንዴላው የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ብቻ መንካት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ የውጭውን ይይዝና አያዞርም። ከላይ ሁለት ዳዶ፣ ዳዶ በዳዶ ላይ፣ ይጠብቅ። አንድ ዳዶ ብቻውን ሲዞር ይላላል፣ ወይም ይጠብቅና ማዞሪያውን ያቆመዋል።

ኩሽኔታው ጎማ ክዳን ያለው ከሆነ ትንሽ ይከብዳል። አይክፋችሁ። ያች ትንሽ መያዝ ማዞሪያው ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ትረዳለች። ኩሽኔታ ካልተገኘ በሁለት ሮንዴላ መሃል ትንሽ ግሪስ አድርጎ መሥራትም ይቻላል። ብቻ ግሪሱ ወደ ክር እንዳይደርስ። ነጭ ጥጥ ላይ ያረፈ ግሪስ አይለቅም።

ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ፈተና። ማዞሪያውን በጎኑ አጋድሙት፣ ክንዶቹ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀጥ ብለው እንዲዞሩ። በቀስታ አዙሩና ልቀቁት። ሁልጊዜ አንዱ ክንድ ወደ ታች መጥቶ የሚቆም ከሆነ እሱ ይከብዳል። ጫፉ ትንሽ ይላግ። እንደገና ሞክሩ። በየትኛውም ቦታ መቆም ሲጀምር ተስተካክሏል።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ቀለል ያለ ቫርኒሽ ይቀባ። ቫርኒሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ክር አታስነኩት። ክረምት ላይ ከሆነ ደሴ ውስጥ መድረቁ ጊዜ ይወስዳል።

የሳይክል ጎማ ነገር ሁልጊዜ ይነሳል። አሮጌ የፊት ጎማ በአክሱ ላይ በደንብ ይዞራል፣ እውነት ነው። ባለ 26 ኢንቹ የተራራ ሳይክል ቸርኬ ዙሪያው 175 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግን አይሰፋም አይጠብም። ከዚያ ያነሰ ቱባ አይገባም፣ ከዚያ የበለጠው ይረግፋል። በሽቦዎቹ ላይ ችንካር ካሰራችሁበት ሌላ ነገር ነው። ያም ሆኖ ይከብዳል። ለፈትል አልመክረውም።

የመጀመሪያው ማጠንጠን

ቱባውን ማዞሪያው ላይ ጫኑ። ገና ሳይወጠር እጃችሁን ዙሪያውን አስኬዱና ዙሮቹን ዘርጉ። እስሮቹ ተጣመው ከሆነ አቅኑ። ከዚያ ወጥሩ። ቱባው እንዳይወርድ ያህል ብቻ ይሁን። ፈትል ከሆነ እንዲያውም ላላ ማለት ይሻለዋል።

እስሮቹን ቁጠሩ። ስንት እንደቆረጣችሁ ካላወቃችሁ አንዱ ይቀርና መሃል ላይ ይይዛችኋል። ብዙ ጊዜ ከእስሮቹ አንዱ የክሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ የተቋጠሩበት ነው። መጀመሪያ ሌሎቹን ቁረጡ፣ ይህን መጨረሻ ፍቱት። በመቀስ ስትቆርጡ ከሥሩ ጣት አስገቡ፤ መቀሱ ክሩን እንዳይነካው።

ሁለት ጫፍ ይኖራችኋል። ከላይ ያለውን፣ በሌሎች ዙሮች ያልተሸፈነውን ምረጡ። ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስት ዙር ሳቡት። ከመጣ እሱ ነው። በሌላ ዙር ሥር እየገባ ከያዘ ሌላኛውን ጫፍ ሞክሩ።

ማጠንጠኛው ወይም እጃችሁ ከቱባው ጋር በአንድ ከፍታ ይሁን። ከላይ ከሳባችሁ ክሩ በችንካሩ እየወጣ ይዘላል። አንድ ሜትር ያህል ራቅ በሉ። በቀኝ እጃችሁ ማጠንጠኛውን አዙሩ፣ በግራችሁ ክሩን በሁለት ጣት መሃል አሳልፉት። ቋጠሮ፣ የሳሳ ቦታ፣ ገለባ ካለ ያ ጣት ያገኘዋል። እኩል ፍጥነት ያዙ። መፍጠን ሳይሆን መቆራረጥ ነው የሚያወሳስበው።

ጥቅሉን አታጥብቁ። በተለይ የሱፍ ክር ተወጥሮ ከከረመ ልስላሴው ይጠፋል፤ ሹራቡ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ልኩም ይበላሻል። በእጅ የምትጠቀልሉ ከሆነ ሦስት ጣታችሁን ከክሩ ሥር አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ጣቶቹን አውጡና አቅጣጫ ቀይሩ።

ክሩ ቢይዝ አትጎትቱ። ማዞሪያውን አቁሙ፣ ጥቂት ወደ ኋላ መልሱት፣ ቱባውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ብዙው ውስብስብ በዚህ ይፈታል። ማዞሪያው ራሱ እየፈጠነ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ አንዲት የጨርቅ ቁራጭ እግሩ ላይ አስራችሁ የክንዱን ታች በስሱ እንድትነካ አድርጉ። ያ ፍሬን ይሆንላችኋል።

ቀለም የተነከረ ቱባ ሳይደርቅ አትጫኑ። እርጥቡ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ችንካሩን ይጎትታል፣ እንጨቱም ያብጣል።

ስለ አያያዝ ጥቂት

ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። እንጨት ያብጣል፣ ችንካርም ቀዳዳው ውስጥ ይጣበቃል። በመዶሻ ከማውጣት ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ችንካሩ ላይ አስቀድሞ ማሸት ነው። ያው ማዞሪያ ቆቦ ወይም ከሚሴ ቢወርድ ተቃራኒው ይሆናል። ይደርቃል፣ ችንካሩ ይላላል። ያኔ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ዙር የጥጥ ክር መጠምጠም ይበቃዋል።

ፀሐይ ላይ አታቆሙት፣ ምድጃ አጠገብም አትስቀሉት። ባለ ጃንጥላውን ዘግታችሁ አስቀምጡ፤ ተከፍቶ ከከረመ ማሰሪያዎቹ ይላላሉ። ባለ መስቀሉን ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል። ችንካሮቹን ነቅላችሁ በትንሽ ከረጢት አድርጉና ከክንዱ ጋር እሰሩ። ከአናጢው ጋር ሒሳብ ሳትዘጉ ደግሞ ሁለት ትርፍ ችንካር አስጠርቡ። ልጆች ለጨዋታ የሚወስዱት መጀመሪያ እሱን ነው።